ፊቴ እንዳትቆም

አቻን ወደ ባሮ ዳርቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት በሩጫ ስትወርድ አንድ እግር ጫማዋ ጭቃ ውስጥ ቀረ። ተመልሳ ላንሳው አላለችም። ጎህ ገና መቅደዱ ነው። ወንዙ ሌሊቱን ሲሞላ አድሮ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡባቸውን ድንጋዮች ውጧቸዋል፤ ከደጋ የነቀለውን ግንድ እያንከባለለ፣ ደፍርሶ፣ እያጉረመረመ ይወርዳል። ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች ናት። "የደወሉላቸው ደንበኛ ጥሪ መቀበል አይችሉም" ትላታለች ያቺ ሴትዮ። ትናንትም ይህንኑ ስትላት ነው ያመሸችው።

"ኦሞት! አንተ ኦሞት!"

ኦሞት የእናቷ ወገን ነው፤ ዓሣ አጥማጅ። ታንኳውን ከሙላቱ ሊያርቅ እየጎተተ ነበር። ቀና ብሎ አንድ እግሯን ባዶ ሲያይ ገመዱን ለቀቀው።

"ምን ሆንሽ እህቴ? በዚህ ማለዳ?" አላት በአኙዋክኛ።

"ተማሪዬ አልተመለሰም። ትናንት ባለ ጀልባው ላም ወደ ታች ይዞት የሄደው ልጅ። ረጅም፣ ቀጭን ልጅ ነው፤ ኩን ይባላል። አይተኸዋል?"

"ሲሄዱ አይቻቸዋለሁ። ማታ እንመለሳለን ብለው ነበር።"

"እና?"

"እናማ የላም ጀልባ አልተመለሰችም። ያውልሽ ማሰሪያዋ።"

ግማሹ ውሃ ውስጥ የገባ የእንጨት ችካል አሳያት። ምንም አልታሰረበትም። "ምናልባት ታች ኢታንግ አድረው ይሆናላ" አለች፤ ኦሞት አዎ እንዲላት። ኦሞት ግን ሰው ለማጽናናት ብሎ የሚዋሽ ዓይነት አይደለም። ወንዙን ማየት ያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ ክረምት ዩኒቨርሲቲው አዲስ ነገር ጀምሯል፤ ጎበዝ ጎበዝ ተማሪዎች ረፍታቸውን ቤት ሄደው በማሳለፍ ፋንታ ከአንድ አንድ መምህር ጋር ተጣምረው ጥናት ይሠራሉ። ባዮሎጂ የምታስተምረው አቻን የደረሳት ኩን ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ ኑዌር፣ ሲያናግሩት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ የሚሰማ ትሑት ልጅ። ጥናታቸው በባሮ አምባዛ አንጀት ውስጥ ስለሚገኙ ትሎች ነው። ዓሣው እንደተያዘ አንጀቱ ይወጣል፣ በረዶ በሞላ ሳጥን ይታሸጋል፣ ሳይሞቅ ላቦራቶሪ ይደርሳል። ጋምቤላ ውስጥ ሳይሞቅ የሚደርስ ነገር እንዴት እንደሚገኝ እንግዲህ እዚያ የኖረ ያውቀዋል።

ፕሮግራሙን የምታስተባብረው ሪድዋና የአቻን ጓደኛ ናት። በመጀመሪያው ቀን መምህራኑንና ተማሪዎቹን አንድ ክፍል ሰብስባ፣ ተማሪው ከአማካሪው ምን ይጠብቃል፣ አማካሪውስ ከተማሪው ምን ይጠብቃል እያለች ስታወያይ ዋለች። ተማሪው ሲቸግረው ይናገር፤ አማካሪው ይስማ፤ ወደ መስክ ሲወጣ ወዴትና ከማን ጋር እንደሚሄድ አማካሪው አስቀድሞ ይወቅ፤ ይህን የመሰለ ነገር ሁሉ። አቻን ከኋላ ተቀምጣ ስታዛጋ ቆየች።

"እኔ ይህን ጨዋታ አላውቅበትም" አለቻት ሲወጡ። "እኔን መምህሬ ሰው ያደረገኝ በቁጣ ነው። አልቅሼ ተማርኩ፤ ይኸው አለሁ።"

"ሁሉም አልቅሶ አይማርም፤ አልቅሶ የሚጠፋም አለ" አለቻት ሪድዋና እየሳቀች።

ባለፈው ሳምንት ኩን ያመጣው ናሙና ተበላሸ። የተሳፈረበት መኪና መንገድ ላይ ቆሞበት በረዶው ቀልጦ ነበርና ሳጥኑ ሲከፈት ላቦራቶሪው በሙሉ ገማ። ሌሎቹ ተማሪዎች አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁ። አቻን በእሷ የሳቁ መሰላት። ሁሉም የደረሰበትን የሚያቀርብበት ቀን ተቃርቧል፣ እሷ ደግሞ ባዶ እጇን ናት። ደሟ ፈላ።

"ሁለተኛ ናሙና ሳትይዝ ፊቴ እንዳትቆም!" አለችው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ሰምተኸኛል? ፊቴ እንዳትቆም!"

"እሺ ቲቸር" አለ ኩን፤ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ።

ከዚያ በኋላ አላየችውም። ትናንት ላምን ፈልጎ፣ ወንዙ እንዲህ ሞልቶ እያለ፣ በጀልባ መውረዱን የሰማችው ከላቦራቶሪው ጥበቃ ነው። ልጁ ልሂድ ወይ ብሎ አልጠየቃትም፤ እሷም ወዴት እንዳሰበ አልጠየቀችውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ያንን ቃል አሁን ባሮ ዳር በአንድ እግር ጫማ ቆማ ብታስበው ምን ዋጋ አለው?

"አንድ ነገር ላሳይሽ" አለ ኦሞት በመጨረሻ። ፊቱን አዙሮ ነው የተናገረው። "ቅድም ታች መረቤን ላወጣ ስሄድ ተጠልፋበት አገኘኋት። የማን እንደሆነች አላወቅሁም።"

ከታንኳው ውስጥ ያወጣት ሰማያዊ የበረዶ ሳጥን ናት። ክዳኗ የለም። ጎኗ ላይ በተለጠፈው ፕላስተር ላይ የኩን ጽሕፈት አለ፤ "አምባዛ፣ የቲቸር አቻን" ይላል። የራሱን ስም አልጻፈም።

አቻን ሳጥኗን ተቀብላ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

"እዚያ ታች አዞ አለ?" አለች ቀስ ብላ።

"አዞ የሌለበት የት አለ?" አለ ኦሞት። ወዲያው ቆጨውና፣ "በሙላት ጊዜ አዞም ዳር ዳሩን ነው የሚይዘው" ብሎ ጨመረበት። እሷ ደግሞ ሰው ነፍሱን ሊያድን የሚዋኘው ወደ ዳር እንደሆነ አሰበች።

"የተገኘ ሰው አለ? ሲወራ ሰምተሃል?"

"አልሰማሁም።"

"ላም ዋና ይችላል?"

"ላም? እሱማ ውሃ ውስጥ ነው ያደገው። ልጁስ?"

ኩን ዋና ይቻል አይቻል ጠይቃው አታውቅም። ወደ ወንዝ የላከችውን ልጅ!

"እኔ ዳር ዳሩን በእግሬ ወርጄ ልፈልግ" አለ ኦሞት ክንዷን ይዞ እያስነሳት። "አንቺ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ውሃውን ቆመሽ ብታዪው አይነግርሽም።"

ሳጥኗን ታቅፋ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ሾፌሩ በመስታወት አያትና ሊያናግራት ብሎ ተወው። ሪድዋና ጋ ደወለች።

"ሪዱ፣ ኩን ወንዝ ገብቷል። የተገኘው ሳጥኑ ብቻ ነው።"

"ያ አላህ! ምን ማለት ነው ወንዝ ገብቷል? ለቤተሰቡስ ነግረሻል?"

"ቤተሰቡን አላውቃቸውም።"

"እንዴት አታውቂያቸውም? ያንቺ ተማሪ አይደለም እንዴ?"

"አላውቅማ! ውጤቱን ጠይቂኝ፣ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ እነግርሻለሁ። ቤቱ የት እንደሆነ ግን አላውቅም።"

"እናቱ ኩሌ ናት፣ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ። እሱን ያሳደገችው አክስቱ ናት፤ ኒው ላንድ ሰፈር ነው ቤቷ። ኛሪየክ ትባላለች። የመጀመሪያው ቀን ነግሮኛል።"

"ለኔ ለምን አልነገረኝም?"

"ጠይቀሽዋል?"

አቻን ሳጥኗን አጥብቃ ያዘች።

"በቃ ቤትሽ ጠብቂኝ፣ መጣሁ። አብረን ፖሊስ ጋ እንሄዳለን፣ ከዚያ አክስቱ ጋ። ብቻሽን እንዳትሄጂ፤ እሺ? ብቻሽን እንዳትሄጂ።"

ለምን ብቻዋን መሄድ እንደሌለባት አልተነገራትም፤ መነገርም አላስፈለጋትም፤ እሷ አኙዋክ ናት፣ ልጁ ኑዌር። እዚህ ከተማ ሰው ሲሞት ነገሩ በሁለት ሰው መካከል አይቀርም። ማን ሞተ ብቻ አይባልም፤ የማን ልጅ ነው፣ ማን ላከው፣ የላከችው የማን ዘር ናት ይባላል። ወሬው ገበያ እስኪደርስ ሌላ መልክ ይዞ ቁጭ ይላል። አቻን መንገድ የሚዘጋበትን፣ ሱቅ የሚቆለፍበትን፣ እናቷ "ከደጅ እንዳትወጪ" የምትልበትን ቀን አይታ ነው ያደገችው። ያ ሁሉ በእሷ አንድ ቃል ተነሳ ቢባልስ? ፈራች። ከዚያ ደግሞ በመፍራቷ አፈረች፤ ልጁ ውሃ ውስጥ ሆኖ እሷ ስለ ራሷ ማሰቧ!

ቤቷ ስትደርስ ሳጥኗን ከበሩ ኋላ አስቀመጠቻት። መቀመጥ አቃታት። እግሯን ታጠበች፣ ጫማ አደረገች፣ መልሳ አወለቀችው፣ መልሳ አደረገችው። ውሃ ቀድታ ሳትጠጣ ደፋችው። "ጌታ ሆይ" አለች ግድግዳውን ተደግፋ፣ "ይህን ልጅ መልስልኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሰው አልቆጣም።" ይህን ቃሏን እንደማትጠብቅ እሷም ጌታም ያውቃሉ። "እሺ፣ ሰው ፊት አልቆጣም" ብላ አሻሻለችው። ከዚያ በኋላ የምትለው ጠፋት፤ "እባክህ፣ እባክህ" ብቻ እያለች ቀረች።

የግቢው በር ተንኳኳ። ሪድዋና መስላት ሮጣ ከፈተች።

ሪድዋና አይደለችም። ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት ሴት ናቸው። ሽማግሌዎቹ በዚያ ወበቅ ሱፍ ከነክራቫቱ ለብሰዋል፤ አንደኛው መጽሐፍ ቅዱስ በብብታቸው ይዘዋል። ሴትየዋ ትከሻዋ ላይ የተቋጠረ ላዋ የሚባል አዲስ ጨርቅ ለብሳ እጆቿን አጣምራ ቆማለች። ማናቸውም ፈገግ አላሉም።

አቻን እንዲህ ያለውን አመጣጥ ታውቀዋለች። አጎቷ የሞተ ጊዜ ለእናቷ መርዶ ይዘው የመጡት እንዲሁ ነበር፤ በማለዳ፣ ታጥበው፣ ደህና ልብስ ለብሰው፣ ሽማግሌ አስቀድመው፣ ሴት አስከትለው። ሴቷ የምትመጣው የሚወድቀውን ለመደገፍ ነው።

"መምህርት አቻን አንቺ ነሽ?" አሉ መጽሐፍ ቅዱስ የያዙት።

"ነኝ" አለች።

"እኔ ቶክ እባላለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። ይኼ ወንድማችን ነው፣ አብረን እናገለግላለን። ይቺ ደግሞ ኛሪየክ ናት። የኩን አክስት።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አቻን ወደ ሴትየዋ ማየት አቃታት። ገና ሳትሄድላት፣ ገና ሳትነግራት፣ ሴትየዋ ራሷ መጣች። ወይ አስከሬኑ ተገኝቷል፣ ወይ ልጃችንን የት አደረግሽው ሊሏት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?

"ግቡ" አለችና ወንበር ልታመጣ ዞረች። አንዱን አምጥታ ከማንጎው ጥላ ስር አኖረች፣ ሁለተኛውን ስታመጣ እግሯን አደናቀፋት።

"አትልፊ ልጄ። አንቀመጥም" አሉ አቶ ቶክ። "የመጣንበት ነገር ሳያልቅ አንቀመጥም።"

"ውሃ ላምጣላችሁ።"

"ውሃም አንጠጣም። ቆመን ነው የምንናገረው።"

አቻን ወንበሩን መደገፊያውን ይዛ ቆመች። ሁለተኛው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኛሪየክ አንድ እርምጃ ጠጋ አለቻት። ልትይዘኝ ነው፣ ስወድቅ ልትይዘኝ ነው አለች አቻን በልቧ፤ ጆሮዋ ውስጥ አንድ ነገር ይጮህባት ጀመር።

"መጀመሪያ እንጸልይ" አሉ አቶ ቶክ።

ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። የአቶ ቶክ አማርኛ ቀስ ያለ ነው፤ ለጸሎት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። "አባት ሆይ። ኩንን አንተ ሰጠኸን። ሕፃን ሆኖ ከጦርነት አወጣኸው። እናቱ በጀርባዋ አዝላ ወንዝ አሻገረችው። አክስቱ አሳደገችው። ትምህርት ሰጠኸው። ጥሩ መምህርት ሰጠኸው። የሰጠኸው ሁሉ የአንተ ነው። ትናንት ደግሞ፣ አባት ሆይ፣ ያ ውሃ..."

"መቼ ነው የሞተው?" ብላ ጮኸች አቻን።

ጸሎቱ ተቋረጠ። አቶ ቶክ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ማነው የሞተው?"

"ኩን! አስከሬኑ ተገኘ? የት ተገኘ? በጌታ ስም ንገሩኝ፣ አታሰቃዩኝ!"

ሽማግሌዎቹ ተያዩና በኑዌርኛ ቶሎ ቶሎ ተነጋገሩ። ኛሪየክ ግን አልጠበቀችም። የአቻንን ሁለት እጆች ያዘች። "ኧረ አልሞተም! ኩን አለ። የኔ ቤት ተኝቷል። አልሞተም፣ አልሞተም።"

አቻን ወንበሩ ላይ ሳይሆን ከወንበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ ከአፏ የወጣው ሳቅ ነው፤ ከዚያ ልቅሶ ሆነ፣ የትኛው የት እንዳለቀ እሷም አላወቀችም። ኛሪየክ አጠገቧ በርከክ ብላ ጀርባዋን ትመታላት ጀመር፣ ትን እንዳለው ሕፃን። ሽማግሌዎቹ ግራ ገብቷቸው ማንጎውን ሽቅብ ያያሉ።

"ታዲያ ለምን መጣችሁ?" አለች ነፍሷ መለስ ስትል። "በዚህ ማለዳ፣ እንዲህ ለብሳችሁ! ልቤን ልታቆሙት?"

"ለሽምግልና ነዋ" አሉ አቶ ቶክ፣ እንደ መከፋት ብለው። "ሰው ሲበድል ሽማግሌ ይልካል። ኩን በድሎሻል። ይቅርታ ለምኑልኝ ብሎ ላከን።"

"ምን በደለኝ?"

አቶ ቶክ ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ይህን ንግግር መንገድ ላይ ሲያጠኑት እንደመጡ ያስታውቃል። "ትናንት ወደ ማታ ጀልባዋ ግንድ መታት፣ ተገለበጠች። ሁለቱም ወጡ፣ ጌታ ይመስገን። ላም ጀልባውን ሊፈልግ ወደ ታች ሄዷል። የአንቺ ሳጥን ግን ጠፋ። ናሙናውም ጠፋ። አንቺ ደግሞ ናሙና ሳትይዝ ፊቴ እንዳትቆም ብለሽዋል። የመምህር ቃል የአባት ቃል ነው። ናሙናው ከሌለ እንዴት ፊትሽ ይቁም? ስለዚህ እሱ አልመጣም። እኛ መጣን።"

"ስልክ አይደውልም? ሌሊቱን ሙሉ እኮ..."

"ስልኩ ከሳጥኑ ጋር ሄደ" አለች ኛሪየክ። "በኔ ደውል አልኩት። እምቢ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ለመምህር በስልክ አይነገርም፣ ነውር ነው አለኝ። ሽማግሌ ጥሪልኝ አለ።"

አቻን ሞቷል ብላ ስትፈራ፣ እሱ ደግሞ እሷን ሲፈራ አድረዋል፤ አንድ ከተማ ውስጥ፣ በባጃጅ ብትሄድ ሻይ ሳይበርድ የምትደርስበት ቦታ።

"ዕቃውን ቤተሰቡ ይተካል" አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ። "ልጁ ግን ትምህርቱን እንዳያጣ።"

"እኔም ልናገር" አለች ኛሪየክ። ከአቻን አጠገብ ተነስታ ቀጥ ብላ ቆመች፤ ድምፅዋ ቅድም ካለው ተለወጠ። "እነሱ ሽማግሌ ናቸው፣ ሁሉን አይናገሩም። ላም ነግሮኛል። ጀልባዋ ስትገለበጥ ላም ጀልባዋን ያዘ። ኩን ሳጥኑን ያዘ። በሁለት እጁ ያዘ። ልቀቀው፣ ጀልባዋን ያዝ አለው ላም። ኩን 'የቲቸር ነው' አለ። ውሃ አፉ እየገባ 'የቲቸር ነው' ይላል። ውሃው ይዞት ሄደ፣ እሱ አይለቅም። ከዚያ ላም በመቅዘፊያው እጁን መታው። መትቶ ነው ያስለቀቀው።" የራሷን አንጓ ይዛ አሳየቻት። "እዚህ ጋ አብጧል። ላም ባይመታው እኔ ዛሬ በሌላ ነገር ነበር የምመጣው። መምህርት፣ እኔ አልተማርኩም። ግን ሳጥን ምንድነው?"

"ኛሪየክ" አሏት አቶ ቶክ ሊያስቆሟት። ዕርቅ ሊለምኑ መጥተው መምህርቷን ተወቃሽ ሊያደርጓት አልፈለጉም።

"ይናገሩ፣ ተዉአቸው" አለች አቻን።

ሳጥኗ ከበሩ ኋላ ናት፤ ከተቀመጠችበት ጠርዟ ይታያታል። ልታወጣት አልፈለገችም። ኩን ናሙናውን ሳይሆን እሷን ነው ውሃው ውስጥ አልለቅም ያለው፤ ቁጣዋን። ይህ ገባት። መምህሯ ሲቆጣት ስንቴ የማይደረገውን አድርጋለች? ሰው ሆንኩበት ትላለች እንጂ ስንቴ እንደተረፈች ቆጥራው አታውቅም።

"እንግዲህ ልጄ" አሉ አቶ ቶክ፣ "ቆመን ነው ያለነው። ይቅር ብዬዋለሁ በይን። ከዚያ እንቀመጣለን፣ ውሃሽንም እንጠጣለን።"

አቻን ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች።

"አልልም" አለች።

የሁለቱ ሽማግሌዎች ፊት ጠቆረ። ኛሪየክ ወደ ኋላ ሸሸት አለች። በር ላይ ደግሞ ሪድዋና እያለከለከች ደርሳ፣ አልልም የሚለውን ብቻ ሰምታ ቆማ ቀረች።

"ሽማግሌ እኮ አይመለስም" አሉ አቶ ቶክ በዝግታ። "ሽማግሌ ባዶውን ሲመለስ ጥሩ አይደለም። በእኛም በእናንተም ዘንድ ጥሩ አይደለም።"

"ይቅር የምለው ምን በድሎኝ ነው? የላከው ማነው? እኔ ነኝ። ወዴት ትሄዳለህ ያላልኩት እኔ ነኝ። ዋና ትችላለህ ወይ ያላልኩት እኔ ነኝ። እኔ ይቅር ብዬዋለሁ ካልኩ ልጁ በእውነት የበደለ ይመስለዋል። ነገም ሌላ ሳጥን ይዞ ወንዝ ይገባል።"

"ታዲያ ምን እንበለው?"

"እናንተ ሽማግሌ ናችሁ አይደል?"

"ነን።"

"እንግዲያው የእኔም ሽማግሌ ሁኑልኝ። ወደ እሱ እልካችኋለሁ። በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ ብላለች በሉልኝ።"

አቶ ቶክ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወሩ። "መምህር ወደ ተማሪ ሽማግሌ ሲልክ አላየሁም" አሉ። "ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አላየሁም።"

"እኔም አላየሁም" አለች አቻን።

ሽማግሌዎቹ በኑዌርኛ ተነጋገሩ፤ ረዘም አለ። በመካከሉ ኛሪየክ አንድ ነገር ጣልቃ አስገባችና ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። ምን እንዳለች አቻን አልገባትም። አቶ ቶክ ግን በመጨረሻ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እንሂድ" አሉ።

"አቺ፣ ልጁ አለ ማለት ነው?" አለች ሪድዋና በሩ ላይ፣ ደረቷን ይዛ። "ፖሊስ ጋ አንሄድም?"

"አለ። ፖሊስ ይቅር። ኒው ላንድ ነው የምንሄደው።"

"የሚቀርበው ጥናትስ? ምን ብዬ ልጻፍ?"

"ናሙና የለንም ብለሽ ጻፊ። ምክንያቱን እኔ ቆሜ እናገራለሁ።"

መንገድ ላይ ብዙ አላወሩም። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ሽማግሌዎቹ በሱፋቸው ላብ እያጠመቃቸው ከፊት፣ ሦስቱ ሴቶች ከኋላ። አቻን ወደዚህ የኑዌሮች ሰፈር ከመጣች ስንት ጊዜዋ ነው! ደጃፍ ላይ የተቀመጡ ሰዎች ቀና እያሉ ያዩዋታል። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ ቅርጹን ብቻ ለወጠ። ኩን እንዴት ያያት ይሆን? ወይስ እንደ ወትሮው ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ እሺ ቲቸር ሊላት ነው? ይህን እሺ መስማቱን ከሁሉ አብልጣ ፈራችው።

የኛሪየክ ቤት ግቢ በሸንበቆ የታጠረ ነው። ኛሪየክ በሩን ከፍታ ያዘችላት። "ግቢ፣ ውስጥ ነው ያለው" አለቻት።

"እኔ እዚህ እቆያለሁ" አለች አቻን። "እናንተ ግቡና ለምኑልኝ። ትግባ ካለ ትጠሩኛላችሁ።"

"ኧረ ጥላው ስር እንኳ ቁሚ" አለቻት ሪድዋና።

አቻን ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም። አቶ ቶክ ከበሩ ላይ ዞረው አዩዋት፤ የሚያፌዙ አይመስሉም፣ ሽማግሌ እንደሚጠይቀው ነው የጠየቋት። "እምቢ ቢልሽስ?"

"እምቢ ካለኝ" አለች፣ "ነገ ሌላ ሽማግሌ ጨምሬ እመጣለሁ። እኔን እምቢ ማለት ይልመድ።"

ሽማግሌዎቹ ጎንበስ ብለው ገቡ። ከውስጥ መጀመሪያ የአቶ ቶክ ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎ የኩን፤ ዝቅ ያለ፣ በማታውቀው ቋንቋ። አቻን እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ፀሐዩ ላይ፣ ደጅ ቆማ ጠበቀች።